የጣቶች ደብተር

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ስፈልግ፣ ፒያሳ ላይ ያላነበብኩት የማስታወቂያ ሰሌዳ አልነበረም። የባንኮቹን ማስታወቂያ እንዲያውም በቃሌ እወጣው ነበር። «ዲግሪና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ሥራውን ሳይሰጡኝ ልምዱን ከየት እንደማመጣው የሚነግረኝ ስላጣሁ፣ ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል አጠገብ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሌሎችን የሥራ ማመልከቻ ስተይብ ከረምኩ። አብዛኞቹ የእኔን ያህል ውጤት አልነበራቸውም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው።

ጓደኞቼ ባንክ ባንክ የምለው ለደመወዙ ይመስላቸው ነበር። ደመወዙን ማን ይጠላል? የእኔ ነገር ግን ከአባቴ አውራ ጣት ይጀምራል።

አባቴ ከዳባት በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነው። ፊደል አልቆጠረም። ዕድሜውን ሙሉ የፈረመው በአውራ ጣቱ ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ፣ የዕድሩ መዝገብ ላይ፣ እኔ ከተማ ገብቼ እንድማር የተጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለው ሰማያዊ አሻራ የእሱ ነው። ጣቱን ቀለም ያስነካና ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። የተማርን ነን የሚሉት የሚጭሩት ነገር ዶሮ የጫረው ይመስላል እያለ ይስቅ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የባንክ ሂሳብ ልክፈት ብሎ ከተማ ወረደ። እኔም ለጥምቀት መጥቼ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ሂሳብ የሚከፍተው ወጣት ትንሽ የአሻራ ማንበቢያ ፊቱ ላይ አስቀመጠለት። አባቴ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ማሽኑ ቀይ አበራ። ጣቱን በጋቢው ጠረገና ደገመው፤ አሁንም ቀይ። «ጠንከር አድርገው ይጫኑት አባት» አለ ወጣቱ። አባቴ ማሽኑ ከቦታው እስኪንሸራተት ድረስ ተጫነው። ሌባ ጣቱንም ሞከሩ፤ የሌላውንም እጅ ሞከሩ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር ወጣቱ አፍሮ «አሻራዎ ጠፍቷል፤ ሌላ ቀን ቢመጡ» አለው። ባለዲግሪዋ እኔ የአባቴን ዱላ ይዤ ቆሜ አይ ነበር። ከዱላው ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ቤት ስንደርስ ለእናቴ «ጣት የለህም አሉኝ» አላት፣ እንደ ቀልድ። ፊቱን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም። እናቴ በርበሬ እያለች ትጠራኛለች፤ ንዴቴ ቶሎ አይበርድም። ያን ቀን የተናደድኩት በወጣቱ አልነበረም፤ አራት ዓመት ተምሬ ለገዛ አባቴ ጣት መላ በማጣቴ ነበር።

በማግስቱ በዓል ነበርና እርሻ የሚወጣ አልነበረም። አባቴን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። አሻራ የሚያነብ ስልክ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። እናቴ «ቅቤ ይቀባና ይለሰልስ» አለች፤ ብንቀባው ስልኩ ከእጃችን አምልጦ ወደቀ። በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈን፣ አድርቀን፣ ትንሽ ቆይተን ሞከርን። ይኼ ይሻል ነበር፤ ግን አሁንም አላነበበም። በመጨረሻ የቀረችው የግራ እጁ ትንሿ ጣት ነበረች። ወጣት ሳለ ወይፈን ሲያስር ገመዱ ጠልፎ ሰብሯት፣ ወደ ውጭ ተንጋዳ የቀረች ጣት ናት። እርፍም ቢይዝ፣ ማጭድም ቢይዝ አትታጠፍም። እናቴ «ሰነፏ» ትላታለች።

ሰነፏ ስልኩ ላይ ስታርፍ ስልኩ ነዘረ። አነበባት።

«እሷንማ ያነባል፣ ምን ሠርታ ታውቃለች!» አለ አባቴ፤ እናቴ እስኪያማት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሥራ የሚበላው ጣት አለ፣ ሥራ የሚዘለው ጣት አለ፤ የሰውየውን ሥራ ካወቅሁ ያልተበላችውን ጣት አገኛታለሁ ብዬ አሰብኩ። ጎረቤት መጣ፣ የጎረቤት ጎረቤት መጣ። ሰው ሁሉ ጣቱን ዘርግቶ ወረፋ ያዘ። የሞከርኩትን አሻራ ወዲያው ከስልኩ እያጠፋሁ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ሥራውንና የተነበበለትን ጣት ብቻ እጽፍ ነበር። ጥጥ የምትፈትል ሴት፦ የቀኝ አውራና ሌባ ጣት አይነበቡም፣ የግራ መሃል ጣት ይሠራል። ሸክላ ሠሪ፦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ግድ ነው። ድንጋይ ጠራቢ፦ መሮ የሚይዝበትን እጅ መተው፣ መዶሻ ከሚይዝበት እጅ የቀለበት ጣትን መሞከር። የደብሩ ቄስ አሥሩም ጣታቸው አንድ በአንድ ሲነበብ ግን መንደሩ አልማራቸውም። «አባታችን፣ መስቀል ብቻ እኮ ነው የያዙት!» አላቸው አባቴ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ዕረፍቴ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ አርባ ያህል ሰው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ባንክ ለዲጂታል አገልግሎት ክፍሉ የድጋፍ ባለሙያ እንደሚፈልግ ፒያሳ ላይ ለጠፈ። ልምድ የሌለውም ማመልከት ይችላል ይላል። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ለቃለ መጠይቅ ከቀረን ስድስት ሰዎች የሚቀጠረው አንድ ብቻ ነበር። አምስቱም ወንዶች ናቸው፤ ሦስቱ ከረባት አስረዋል። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ወሬያቸውን እሰማለሁ። አንዱ ጥያቄ አሻራ የማያነብ ማሽንን የሚመለከት ነበር። እየወጡ ሲነጋገሩ አንዱ ማሽኑን አጥፍቼ አበራዋለሁ ማለቱን፣ ሌላው መስታወቱን እወለውላለሁ ማለቱን፣ ሦስተኛው ማሽን ይቀየር ማለቱን ሰማሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ደብተር ዳበስኩ።

ስገባ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ወረቀቴን እያዩ «ልምድ?» አሉኝ።

«የለኝም» አልኩ።

የአሻራው ጥያቄ ሲደርስ «መጀመሪያ ወንበር እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ሥራቸው ምን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ» ስል ሳቁ። «መርማሪ ነሽ እንዴ?» አሉ ባለመነጽሩ። ያን ጊዜ ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሦስት ገጽ ያህል አነበብኩላቸው። ሴትየዋ ሳቋን አቁማ መጻፍ ጀመረች። ባለመነጽሩ ግን «ደብተር ላይ መጻፍ ቀላል ነው» አሉና የበሩን ጥበቃ አስጠሩ። እኒህ ሽማግሌ የሠራተኛው መግቢያ ማሽን ጣታቸውን አላነብ ብሏቸው፣ ሌላው ሠራተኛ በአሻራ ሲገባ እሳቸው ብቻ በየቀኑ ወረቀት ላይ የሚፈርሙ ሰው ናቸው አሉኝ። የአሻራ ማሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «እስቲ አስነብቢያቸው» አሉ።

ሥራው በእኒህ ሰው ጣት ላይ መንጠልጠሉን ያን ጊዜ ተረዳሁ። «አያ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። «እዚህ ከመቀጠርዎ በፊት ሥራዎ ምን ነበር?»

«ድንጋይ ስጠርብ ኖርሁ፣ ልጄ።»

ለብ ያለ ውሃ አስመጣሁ። መዶሻ የያዘ እጃቸው ውሃው ውስጥ እስኪለሰልስ ባለመነጽሩ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። አደረቅኩላቸውና የቀለበት ጣታቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፍኩ። ቀይ። ደብተሬን ልገልጥ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ትዝ አለኝ፤ ጠራቢው ጎረቤታችንም መጀመሪያ እንዲሁ እምቢ ብሎት ነበር፣ ስለተጫነው። «አያ፣ አይጫኑት፤ እንዲሁ ጣል ያድርጉት» አልኳቸው። ጣል አደረጉት። አረንጓዴ በራ።

«ኧረ አነበበኝ!» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምነው እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ሳነብ ነበር ልላቸው አማረኝ።

ባለመነጽሩ ደብተሩን ተቀብለው ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ይህን ፎቶኮፒ ብናደርገው ቅር ይልሻል?» አሉኝ።

«ፎቶኮፒ እኔም አደርጋለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው» አልኩ። «ደብተሩ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚመጣው።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቀች።

በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ የወጣው ስም የእኔ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰውዬ «እኔ ነኝ» አልኩት። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ኩራት አይገባም ይላሉ፤ እኔ እስከ ማራኪ ድረስ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ እየኮራሁ ሄድኩ።

አባቴ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ሂሳብ ሊከፍት ባንኩ ድረስ መጣ። ጋቢው ታጥቧል። ጥበቃው፣ እኒያ የቀድሞ ድንጋይ ጠራቢ፣ የማን አባት መሆኑን ሲሰሙ እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ ይዘውት ገቡ። ማሽኑን ፊቱ አደረግኩለት። ከኋላው ሰልፍ አለ፤ ባለመነጽሩ አለቃዬም ቆመው ያያሉ።

«አባየ፣ ሰነፏን ስጠኝ» አልኩት።

«ቆይ፣ በዚህ ነው የምፈርም» ብሎ አውራ ጣቱን ዘረጋ። አልተከራከርኩትም። ዘፈዘፍኩለት፣ አደረቅኩለት፣ ጣል አደረገው። ቀይ። እንደገና ቀይ። ሦስተኛም ቀይ። በዚህ ጊዜ ግን በጋቢው አልጠረገውም፤ ከሰልፉም ማንም አላጉረመረመም። ትንሿን ጣት አሳረፈ። አረንጓዴው ሲበራ ስሙ ከነአያቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ደስ ያለው መስሎኝ ቀና ስል፣ እሱ አውራ ጣቱን እያገላበጠ ያያል። ከዚያ እንደ ጥንቱ ቀና ብሎ ሰልፉን አንድ በአንድ አየና ጣቱን ወደ እኔ ከፍ አደረገ።

«ይኼ አንቺን ያስተማረ ነው» አለኝ። «ካለቀም በአንቺ ነው ያለቀ። ይረፍ።»