ከሳሊተ ምሕረት በላይ፣ እርጥብ እንጨት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ቡልቡላ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሻዬን ስጠጣ፣ ከታች የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ቁልቁል ብመለከት የብሎካችን ወጣቶች ናቸው። ወደ ብስክሌት መንገዱ የተንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች ለመመልመል ተሰባስበው፣ አንዱ መሰላል ይዞ፣ አንዷ ወደ ላይ አንጋጣ "ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!" እያለች ይሳሳቃሉ። ነፋሱ ዞር ሲል የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጣ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በሐሳቤ እንደገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ጭጋጉም ገና አልተነሣም።

ያኔ ኦሎምፒያ አካባቢ በአንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ውስጥ ንድፍ አንሺ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ሌሎች የሚኖሩበትን ቤት መስመር አሰምራለሁ። እሑድ ግን የኔ ነበረች። ሳይነጋጋ ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደረጃውን እወርድና በመገናኛ በኩል ወደ ሲኤምሲ እሽከረከራለሁ። መንገዱ እንደዛሬው በመኪና የታፈነ አልነበረም። ግራና ቀኙ ገና ሜዳ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጤፍ ይዘራበታል፤ በጥቅምት ማሳው ወርቃማ ሆኖ ከአስፋልቱ ጎን ይወዛወዛል። አሁን የምኖርበት ቡልቡላም ያኔ ማሳ ነበር። ይህን ለልጆች ስነግራቸው የማጋንን ይመስላቸዋል።

ሦስት ነበርን። ዮናስ አለቃችን ነው። ማንም አልሾመውም፤ ግን ሰንሰለት ሲበጠስ የሚቀጥለው፣ ጎማ ሲተነፍስ የሚለጥፈው፣ የት እንደምንሄድ የሚወስነው እሱ ነበር። ሂሩት የነርስነት ተማሪ ነበረች፤ ቁልቁለት ላይ ከሁለታችንም ትፈጥናለች፤ ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ልጅ። እኔ ደግሞ ከኋላ የምከተለው ነኝ፤ መቅደም ጠልቼ አይደለም፣ ከኋላ ሆኖ ማየት ስለሚጥመኝ ነው። የሁለቱ ጀርባ በዛፎቹ መካከል ብቅ ጥልቅ ሲል፣ የጠዋት ብርሃን በቅጠሎቹ ውስጥ እየተሰነጣጠቀ ትከሻቸው ላይ ሲወርድ፣ የምነዳ ሳይሆን በሕልም የምንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

መንገዳችን ከጫካው አናት ተነሥቶ እስከ መንደሩ ዳር የሚወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። እኛ ያገኘነው መስሎን ስም ሁሉ አውጥተንለት ነበር። ለካ መንገዱን ያወጡት ጭራሮና ቅጠል ለቅመው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው፤ ስንት ዓመት በእግራቸው የጠቀጠቁት መንገድ ነው። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ስለነበር ባሕር ዛፉ ከየጉቶው አቆጥቁጦ መንገዱን ከላይ ዘጋው። መስከረም ላይ ስንመለስ ቅርንጫፉ ፊት ፊታችንን ይገርፈን ጀመር። ዮናስን አንዱ ከንፈሩን ሰነጠቀው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ ደግሞ ከየሰፈሩ ያሉ ብስክሌተኞችን ጠርተን አብረን ልንወርድ ቀጠሮ ይዘናል፤ ስንት ወር ያሰብንበት ነገር ነው።

"እንመልምለው" አለ ዮናስ።

"ማንን አስፈቅደን?" አለች ሂሩት።

"ለበጎ ሥራ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ? መንገድ ማጽዳት እኮ ነው!"

በዚሁ አለፈ። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ሁለት መጋዝና አንድ ገጀራ በቦርሳችን ይዘን ወጣን።

ያን ጠዋት አሁንም አልፎ አልፎ በሕልሜ አየዋለሁ። ጭጋጉ መሬት ለመሬት ይሄዳል። መጋዙ እርጥቡን እንጨት ሲበላ የሚያወጣው ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል። ቅርንጫፉ ሲወድቅ የሌሊቱ ጤዛ አብሮ ይረግፍና አንገታችን ውስጥ ይገባል፤ ሂሩት ትጮሃለች፤ ጩኸቷ ወደ ሸለቆው ወርዶ ተመልሶ ይመጣል። እጃችን በሙጫው ተጣበቀ። የቆረጥነውን በመንገዱ ዳርና ዳር እያስተካከልን ከመርነው፤ ከላይ ሆኜ ወደ ኋላ ስመለከተው መንገዱ በአረንጓዴ የተከፈፈ ጨርቅ መስሎ ቁልቁል ተዘርግቷል። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ያልሆነ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ሥራውን ልንጨርስ ስንል አንዲት ሴት ከታች መጡ። ዕድሜያቸው አርባ አምስት ቢሆን ነው። ባዶ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ማጭድ በወገባቸው ሸጉጠዋል። እትዬ ቦጋለች እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። ቆም ብለው መንገዱን ቀና፣ ጎንበስ እያሉ አዩት።

"ጥሩ አደረጋችሁ ልጆቼ። ይሄ ቅርንጫፍ ሸክሜን እየያዘ ያንገላታኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ክምሩን በእግራቸው ነካ አድርገው፣ "እንግዲህ ይሄ እዚሁ ሊቀር ነው?"

"ይውሰዱት እትዬ፣ የኛ ነው" አልኳቸው። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ የኛ ነው።

"ጠባቂው ሲያየኝስ? ደረቁን እንጂ እርጥቡን አትንኩ ተብለናል።"

"ልጆቹ ናቸው የቆረጡት ይበሉት። ምንም አይልዎትም።"

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ። እኛም ላይ ያለውን የቀረ ሥራ ልንጨርስ ወጣን።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን፣ መጋዞቻችንን በቦርሳ ከትተን፣ የሠራነውን ልንቀምስ ከላይ ተነሥተን ወረድን። እንደዚያ ያለ ቁልቁለት ነድቼ አላውቅም። የሚነካን ቅጠል የለም። ነፋሱ ብቻ ጆሮዬ ላይ ይዘምራል። ዮናስ ከፊት፣ ሂሩት መካከል፣ እኔ ከኋላ። ወደ ጫካው መውጫ ስንቃረብ የደን ጠባቂው ቆርቆሮ ጎጆ ታየችኝ፤ ከጎጆዋ ፊት ደግሞ እትዬ ቦጋለች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሸክማቸው አጠገባቸው ወድቋል፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ጠባቂው ጋሽ ለማ፣ ረጅም ካፖርት የለበሱ፣ ጢማቸው ነጣ ያለ ሰው፣ ማጭዱንና ገመዱን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ። "እናንተ ልጆች! ከላይ እርጥብ እንጨት ሲቆረጥ አይታችኋል?"

ዮናስ ሳይቆም፣ "አላየንም ጋሼ!" አለና አለፈ። ሂሩት አለፈች።

እኔም አለፍኩ። በዚያች ቅጽበት እትዬ ቦጋለች ቀና ብለው አዩኝ። አልጠቆሙኝም። አፋቸውን እንኳ አልከፈቱም። ዓይናቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ግን የሚያውቁት ነገር ሲደገም የሚያዩ ነበር የሚመስሉት።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሁልጊዜ የምንቀመጥባት ሻይ ቤት አለች። ትኩስ ቦምቦሊኖ በሳሕን መጣልን፤ ስኳሩ ጣቴ ላይ ካለው ሙጫ ጋር ተጣበቀ። አንዱን ገመጥኩ።

"ሴትየዋን ይዘዋቸዋል" አለች ሂሩት፣ ማንንም ሳታይ።

"ተቆጥተው ይለቋቸዋል" አለ ዮናስ። "እኛ ነን ብንል ብስክሌቱን ይወስዱብናል። የሚቀጥለው እሑድ ጉዞም ቀረ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጠርተን! አስቡት እስቲ።"

አሰብኩት። እውነቱን ነው። ብስክሌቱ ከተያዘብኝ እሑድ የምትባለው ቀኔ እንደምትጠፋ አውቄዋለሁ። ከዚያ ቅርንጫፉን ሲለቅሙ ያየሁት እጃቸው ታወሰኝ፤ ቀጫጭኑን ከወፍራሙ እየለዩ፣ ሳይቸኩሉ፣ የተሰጣቸውን ነገር አክብረው። ቦምቦሊኖውን ሳሕኑ ላይ መለስኩና ተነሣሁ።

"የት ልትሄድ ነው?" አለ ዮናስ።

"ልመለስ።"

"ብቻህን ነህ እንግዲህ" አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ የደነገጠ ይመስል ነበር።

ዳገቱን ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁት። ስደርስ ጋሽ ለማ ሴትየዋን ወደ ደን ጽሕፈት ቤቱ ሊወስዷቸው ተነሥተው ነበር።

"ጋሼ፣ እንጨቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እጅህን አሳየኝ።"

ዘረጋሁላቸው። ሙጫው ጠቁሯል፤ መዳፌ ላይ ሁለት ቦታ ውኃ ቋጥሯል።

"ቅድም አላየንም ብላችሁ አልነበር?"

"ጓደኛዬ ነው ያለው። እኔ ዝም አልኩ።"

"ታዲያ ዝም ማለትህ ምን ለየው?" አሉኝ። ወደ እትዬ ቦጋለች ዞሩ። "ልጆቹ ናቸው ብለሽኛል፣ እውነትሽን ነው። ሲያልፉ ታዲያ ለምን 'እነዚህ ናቸው' አላልሽኝም?"

እትዬ ቦጋለች ነጠላቸውን አራገፉ። "አላየንም አሉ እኮ። ከዚያ በኋላ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?"

ጋሽ ለማ ገመዱን መለሱላቸው። ማጭዱንና ሸክሙን ግን ጽሕፈት ቤቱ ሳይወስን መስጠት አይችሉም ነበር፤ ማጭዱን ሰኞ እንዲወስዱ ነገሯቸው። እትዬ ቦጋለች ያን ቀን ባዶ ገመዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩና ፈረምኩ። ብስክሌቴ ለአንድ ወር ተያዘ፤ አራት እሑድ ደግሞ ከጋሽ ለማ ጋር እንድሠራ ተወሰነብኝ። በመንገዱ በብስክሌት መውረድ ተከለከለ፤ ጉዞው ቀረ። ዮናስ ስልክ ደውሎ፣ "ለአንድ ሸክም እንጨት ብለህ" አለና የቀረውን ሳይጨርሰው ዘጋው።

እነዚያ አራት እሑዶች ከማስታውሳቸው ቀናት ሁሉ ጸጥ ያሉት ናቸው። ጋሽ ለማ ብዙ አይናገሩም። በየዛፉ ሥር ቆመው ያንጋጥጣሉ፤ የቱ እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚቀር በጣታቸው ያሳዩኛል። "መጀመሪያ ከታች ጫር አድርገው፤ ከዚያ ከላይ ቁረጠው። አለዚያ ሲወድቅ ልጡን ይዞ ይወርዳል" አሉኝ። ያ እሑድ የቆረጥነውን ወስደው አሳዩኝ። ከግንዱ ላይ ልጡ በረጅሙ ተገሽልጦ ቆስሏል፤ እኛ በሳቅ ስናልፍ ያላየነው። ሁለተኛው እሑድ ላይ ሂሩት በእግሯ መጣች። ምንም ሳትል መጋዝ አንሥታ ከጎኔ ሆነች። የመለመልነውን ጋሽ ለማ እያዩ ለእንጨት ለቃሚዎቹ ይሰጣሉ። ፀሐዩ ሲጠነክር ከጎጆዋ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳቦ በሻይ እንበላለን፤ ከተማው ከታች በጭስና በብርሃን መካከል ተንሳፎ ይታየናል።

እትዬ ቦጋለች በየእሑዱ ያልፋሉ። ለጋሽ ለማ እጅ ይነሣሉ፤ ለሂሩት ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ እኔን አያዩኝም። እኔ ከከመርኩት ክምር አንድ ቅርንጫፍ አላነሡም። የራሳቸውን ጭራሮ ከሩቅ ይለቅማሉ።

አራተኛው እሑድ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ብቻዬን መጋዝ ሳጸዳ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"አንተ ልጅ። ና አሸክመኝ።"

እትዬ ቦጋለች ሸክማቸውን አስረው ከፊቱ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን አስደግፈው ገመዱን ደረታቸው ላይ አጥብቀዋል። ከሥር ገብቼ ላነሣ ሞከርኩ። አልተነሣልኝም። እንደገና ተንበርክኬ፣ ትከሻዬን አስገብቼ ገፋሁ። እንዲያ የሚከብድ ነገር በሰው ጀርባ ላይ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር፤ ስንት ጊዜ በእንጨት ተሸካሚዎቹ አጠገብ የብስክሌቴን ደወል እየደወልኩ አልፌያለሁ።

እንደዚያ ተጎንብሰን፣ ፊታችን ሳይተያይ፣ "አየሁህ እኮ ያን ቀን" አሉኝ። "መጀመሪያ ስታልፍ።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"አየህ፣ ልጄ፣ ተስፋ አልቆረጥኩብህም ልልህ አልችልም። ቆርጬ ነበር።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ከዚያ መጣህ። በል ከፍ አድርገው፣ ሊመሽ ነው።"

ከፍ አደረግኩት። እሳቸውም ቆሙ፤ እግራቸውን አመቻቹና ቁልቁል ሄዱ። ጭራሮው ብቻ እስኪታየኝ ድረስ፣ እሱም በዛፎቹ መካከል እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሥራ አግኝቼ ከአዲስ አበባ ወጣሁ፤ ስመለስ እትዬ ቦጋለችን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ከዮናስ ጋር ለበዓል እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፤ ያን ነገር አንሥተን አናውቅም። ሂሩትም የራሷ ኑሮ ውስጥ ገብታ ጠፋችብኝ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው ግን ከሻይ ቤቱ ከተነሣሁበት ነው፤ ዳገቱን እየገፋሁ ስመለስ። ሰው ሲሰማኝ "ጎበዝ" ይለኛል፤ እኔም ዝም ብዬ እቀበላለሁ። አሁን ግን ሃምሳን ልደፍን ነው፤ ዳገቱም የሻይ ቤቱም ነገር እየደበዘዘብኝ መጥቷል። ሳይደበዝዝ የቀረው እትዬ ቦጋለችን አልፌ የሄድኩበት ቅጽበት ነው። መንገዱ ለስላሳ ነበር፣ ጠዋቱም እጅግ ያምር ነበር፤ ሁለቱም እጆቼ ፍሬኑ ላይ ነበሩ፣ አልያዝኩትም።