ለግራ ዓይን ብቻ የጠፋው ስንጥቅ

ሰመራ፣ ካፌዋ ውስጥ ቆማ፣ አዋሽ ያለ ቤት የበር ጉበን ግንባሯን እንዳይመታት ጎንበስ ያለች ሴት አለች። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ጎንበስ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ንጋት 11 ሰዓት፣ አዋሽ

ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ መላኩ ያቀፍኩትን ቦርሳ አየና፣

"ጋሼ፣ ምን ይዘው ነው?" አለኝ።

"ቤት።"

"ቁልፉስ?"

ስቄ ሥራዬን አስረዳሁት። አንድን ክፍል ለግራ ዓይንና ለቀኝ ዓይን ለየብቻ ዙሪያውን ፎቶ አነሳለሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አገጣጥሜ እሰፋዋለሁ። ገዢው ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ትልቅ መነጽር ሲያጠልቅ ቤቱ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። ማንም አላስተማረኝም፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ስፌቴን የሚያገኝ ሰው አልተወለደም። ይህን ለመላኩ ሁለቴ ነገርኩት።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ገዋኔ

የፍየል ቅቅል፣ ሩዝ፣ ከሙቀቱ የተነሳ ሻይ የሚሆን የታሸገ ውሃ። ዋጋው ግን የቀዝቃዛ ነው።

"እና ቤቱ ተሸጠ?" አለኝ መላኩ።

እዚህ እውነቱ አመለጠኝ። ዘይነብ የወሎ ልጅ ናት፤ ሰመራ ካፌ አላት። ሙቀቱ እናቷን ስላደከማቸው ሻል የሚለው አዋሽ ቤት ፈለገች። የታመሙ እናቷን ትታ መምጣት አልቻለችም፣ ስለዚህ ቤቱን በመነጽር ወሰድኩላት። መኝታ ክፍሉ ወለል ላይ ግን መሬት ሲንቀጠቀጥ የመጣ ስንጥቅ ነበር። ሻጩ አጥፋው አላለኝም። ሥራዬን ያበላሸብኛል ብዬ በራሴ እጅ የደህና ሴራሚክ ምስል ለጠፍኩበት። ለግራው ዓይን ለጥፌ የቀኙን ረሳሁት።

ዘይነብ መነጽሩን አጥልቃ በሩ ላይ ጎንበስ አለች፣ ገባች፣ ወለሉን አየች። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ዓይኔን የሚያጭበረብረኝ ነገር አለ" አለችኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

"መነጽሩ ነው፣ ይለመዳል" አልኳት። ቀለድኩም፣ ሳቀች።

"ደውለው አይነግሯትም?" አለ መላኩ።

"ሁለቴ ደወልኩ። ሁለቴም አስቄያት ዘጋሁት። አሁን በአካል ልነግራት ነው የምሄደው።"

መላኩ አልሳቀም።

7 ሰዓት፣ ሚሌን አለፍ ብሎ

ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ቆምን። መላኩ ጥሩንባውን ያስጮኻል፤ እነሱ ምን ቸገራቸው። እኔ ግን ባያልቁ ደስ ባለኝ።

10 ሰዓት፣ ሰመራ

ካፌው ውስጥ የማላውቃት ሴት ሻይ ትቀዳለች። ዘይነብ ውጭ ጥላው ሥር የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ እናቷ አጠገቧ።

"አልሃምዱሊላህ፣ ሊሸኙን መጡ?" አለችኝ። "ካፌውን ዛሬ ጠዋት አስረከብኩ። ነገ አዋሽ ገብተን የቤቱን እንፈርማለን።"

ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ። መነጽሩን አጠለቅኩላትና "ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ" አልኳት።

ጣቷን አየር ላይ እየጎተተች ስንጥቁን ከግድግዳው እስከ በሩ ተከተለችው።

"የእማ አልጋ እዚህ ጋ ነበር የሚሆነው" አለች። መነጽሩን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ያኔ እርስዎ መነጽሩ ነው ሲሉኝ፣ እኔ ዓይኔ ነው የታመመው ብዬ ወላሂ ዱብቲ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ተመረመርኩ። ደህና ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም።"

እናቷ ወደ እኔ አላዩም። "ፍራሹን ፍቺው፣ ልጄ" አሉ።

አላመናችሁኝም? ሰመራ ሂዱና ዘይነብን ጠይቋት። የድሮ ካፌዋ ውስጥ ናት፣ አሁን ተቀጥራ ሻይ ትቀዳለች። በሩ ላይ ጎንበስ ማለቷን አትክድም። ከዚያ የወለሉንም ጠይቋት። ዓይኗ ደህና እንደነበር ምስክር ከፈለገች፣ እኔን ጥሩኝ።