ወንድሜ ያጠበቀው ፊልትሮ

ያን ጊዜ ቦንጋ ባጃጅ ገና አልገባም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከዋጫ ቡና የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። እሱ በወባ ድንገት ሲሞትብን መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከረመች። እኔም እናቴም በአጠገቧ ስናልፍ ወደ መስኮቱ አናይም፤ ውስጥ ሰው የተቀመጠ ይመስለን ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ እናቴ፣ "ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ" አለች። ጎረቤታችን የነበሩትን ሽማግሌ መካኒክ እንዲያስነሱልን ለመንኳቸው። አሮጌውን ዘይት አፈሰሱና የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ሊፈቱ ከሥሯ ገቡ። እምቢ አለ። በሰንሰለት መፍቻ ቢሞክሩም ቆርቆሮው ተጨረማመተ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

"ማነው እንዲህ ያጠበቀው?" አሉ።

"እሱ ነዋ፣ ጋሼ። መፍቻ አይወድም፤ በእጁ ነበር የሚያጠብቀው።"

ፊልትሮውን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ፣ "እስቲ ነይ እዪ" አሉኝ። ካርቶን አንጥፌ ከጎናቸው ተጋደምኩ። በእጅ ባትሪ ሲያበሩልኝ፣ ቆርቆሮው ላይ በደረቀው ዘይትና አቧራ መሃል የጣቶች አሻራ ታትሟል። ጣቴን ላሳርፍበት ዘረጋሁና መለስኩት። የሚሞቅ መሰለኝ።

"ካቻቢቴ ሰንቅሮበት ከመጠምዘዝ ሌላ መላ የለውም። ልምታው ወይስ ይቅር?"

"ይምቱት።"

ካቻቢቴውን በመዶሻ እየመቱ ፊልትሮውን ከጎን ወደ ጎን በሱት፤ ከዚያ ሁለታችንም ይዘን ጠመዘዝን። ጥቁር ዘይት በክንዴ ወረደ። እሳቸው በለሆሳስ፣ "ልጄ፣ በቃ ልቀቅልን" ሲሉ ሰማሁ። ደርቆ የተጣበቀው ላስቲክ አቃስቶ ተላቀቀ።

አዲሱን ገጥመው፣ ዘይት ሞልተው፣ የመኪና ባትሪ ከጋራዣቸው አምጥተው ሞተሩን አስነሱት። ተንተባተበና ተነሳ። ጓዳ የነበረችው እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። በአጠገባችን አልፋ ሮጠች፤ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች።

"እትዬ፣ እኛ ነን እኮ" አሏት መካኒኩ።

አልዞረችም። "ምነው ዛሬ አመሸ?" አለች፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች።

ሞተሩን አጠፉት።

መኪናዋን ከሺሺንዳ የመጣ ነጋዴ ገዝቶ ወሰዳት። በገበያ ቀን በደጃችን ስታልፍ ድምጿን እናውቀው ነበር። እናቴ የያዘችውን ጥላ ትነሳ ነበር። እኔም፣ እሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ አብሬያት እነሳ ነበር።