የአያቴ «ኖር»

አያቴ ሰው ሲገባ፣ ለሕፃንም ቢሆን፣ ከመደቡ ብድግ ብለው «ኖር!» ሳይሉ አይቀሩም ነበር። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከታመሙ በኋላ ስማችን ሁሉ ጠፋባቸው። ሐኪሙ፣ «ስም የሚይዘው የአንጎላቸው ክፍል ተጎድቷል፤ የሰው ስሜት የሚለዩበት ግን ደኅና ነው» አለን። አላመንሁትም።

የክረምቱ ጎርፍ የሩዝ ማሳዬን ደለል አልብሶብኝ ስገባ፣ እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ታገሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ አባባ።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «ማን እንደሆንህ ጠፋኝ። ግን ከፍቶሃል፤ ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» ብለው ፈቀቅ አሉልኝ።

ከቀበርናቸው ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ትናንት ከወረታ ገበያ ከፍቶኝ ተመለስሁና በሩ ላይ ቆምሁ። መደቡ ባዶ ነው። ማንም «ኖር» ሳይለኝ፣ «በእግዜር፣ አባባ» ብዬ ገባሁ፤ ፈቀቅ ባሉልኝ በኩል ተቀመጥሁ።