እናቴ እጇን ያነሣችበት እሑድ

ወንድሜን መኪና የገጨው ከሥራ ሲመለስ ነው። አናጺ ነበር፤ ከእኔ ቀጥሎ የተወለደ። ከሻሸመኔ በሚመጣው መንገድ በብስክሌቱ ወደ ከተማችን ሲገባ ወታደር የጫነ ኦራል ከኋላው መጥቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። ኦራሉ አልቆመም። ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ "ታርጋውን ያየ ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቅ እዚያ ከቆመው ሰው ያላየ አልነበረም፤ አየሁ ያለም አልነበረም። በጦር መኪና ላይ መመስከር ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። ፖሊሱም የጠየቀው ለደንቡ ያህል ነው።

እኔ ያኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ከፈረቃ ስወጣ አባቴን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግንበኛ ነው፤ በሥራ ሰዓት መሣሪያውን ጥሎ የትም አይሄድም። ሲሚንቶ በደረቀበት እጁ ክንዴን ያዘኝና "አልሞተም" አለኝ። ማን እንዳልሞተ የነገረኝ መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ሥጋውን ቀዶ ወጥቷል። እናቴ ራስጌው ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ትከላከላለች። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ እየገዛች በየሰፈሩ ዞራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከገበያ እንደወጣች ነው የመጣችው፣ የዓሣው ቅርፊት ገና ከልብሷ ላይ አልረገፈም። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለነበረ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ያስተረጉምልን ነበር።

"እዚህ የምንችለው ቁስሉን ማጠብ ነው" አለን። "አጥንቱን በብረት የሚያያይዙት አዲስ አበባ ነው። ቶሎ ካልሄደ እግሩን አታገኙትም።"

ያኔ ድሃ በነፃ የሚታከመው ከቀበሌው ወረቀት ሲያመጣ ነው። በማግስቱ ከአባቴ ጋር ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ያደገበትን ቤት የሠራው አባቴ ነው። የጴንጤ ቤት መሆናችንን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ቆይቷል፤ አግዳሚዎቹ እንኳ ሳይነሡ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኗል። አባቴ ከስብሰባ አይቀርም፤ መፈክር ሲባል ግን እጁን አያነሣም፣ አፉንም አይከፍትም። በዚህ የተነሣ ታስሮም ያውቃል።

"ወረቀቱ የሰፊው ሕዝብ ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "ከሕዝቡ ጋር እጁን ለማያነሣ ሰው ሕዝቡ ምን ዕዳ አለበት? እሑድ ስብሰባ አለ። ፊት ወጥተህ መፈክር አሰማ፤ ሰኞ ወረቀቱን ትወስዳለህ።"

"ልጁ እስከ ሰኞ ላይቆይ ይችላል" አለ አባቴ።

"እሱ በአንተ እጅ ነው።"

አባቴ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። የተናገረው ለምስጋና ይሁን ለሌላ ነገር ዛሬም አላውቅም።

 እናቴ ነገሩን ስትሰማ "እጅ ማንሣት ምንድን ነው?" አለችው። "ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስታነሣ ትውል የለም እንዴ?"

"ድንጋይ ሳነሣ ማንንም አላመልክም።"

"ልጅህ ሊሞት ነው።"

"ገንዘቡን እንፈልጋለን" አለ። "እጄን ግን አላነሣም።"

ፍለጋውን ከዕድሩ ጀመርን። የዕድሩ ዳኛ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባቴን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። "ቢሞት ኖሮ ድንኳኑም ገንዘቡም በሰዓቱ ደጃፍህ ነበር። ለቆሰለ የሚል ደንብ ግን የለንም። ምን ላድርግህ?" አሉት። ከራሳቸው ኪስ ያወጡትን ሲሰጡት ዓይኑን ማየት አፍረው ነበር።

እናቴ አሞራ ገደል ወረደች። ዓሣ አጥማጆቹ የዚያን ጠዋት የያዙትን አሸክመዋት "ሒሳቡን ልጁ ሲነሣ እናወራዋለን" አሏት። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂም ብር በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። "የእኔን ስም ለማንም እንዳትነግሪ፣ እኅቴ። ዘንድሮ ደግነትም ያስጠይቃል" አሏት። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የዕቁብ ተራ ለመንኩ። ተራው የደረሳት ልጅ ለሠርጓ ያሰበችውን ገንዘብ ለቀቀችልኝ፤ ስትሰጠኝ ግን እንዳለቀሰች ከዓይኗ አውቄያለሁ።

የጸሎት ቤታችን ሰዎች በቡድን መምጣት ስለማይችሉ አንድ አንድ እየሆኑ መጡ። ጥቂት ይቀመጣሉ፣ በለሆሳስ ይጸልያሉ፣ ከሰሌኑ ሥር ብር አስቀምጠው ይወጣሉ። ይህ መመላለስ ለሰው ዓይን ተጋለጠ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብዮት ጥበቃዎች ገቡና ቤቱን ፈተሹ። የተሰበሰበውን ገንዘብ በሙሉ፣ የዕቁቡንም የሐጂውንም፣ ወሰዱት።

"ያልተፈቀደ መዋጮ ነው" አለ አንደኛው።

"የልጄ መታከሚያ ነው" አለች እናቴ።

"ለጸሎት ቤታችሁ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?"

አባቴን ይዘውት ሄዱ። ገንዘቡ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ያን ዕለት ወንድሜ ጋ ስሄድ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። ድሬሰሩ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ "ምን ትጠብቃላችሁ?" አለኝ።  ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

እሑድ ጠዋት እናቴ ተጣጥባ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ተከተልኳት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጸሎት ቤት ሳለ መዘምራኑ ይቆሙበት በነበረው ቦታ ላይ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ማንም ሳይጠራት በመካከል ሄዳ ፊት ቆመችና ቀኝ እጇን አነሣች።

"ግራ!" አለ ሊቀመንበሩ።

አንድ ሰው ሳቀ። እናቴ ግራ እጇን አነሣች። አማርኛዋ ወላይትኛ ወላይትኛ ይላል፤ ቃላቱን እየሰባበረች "አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!" አለች። ሕዝቡ ተቀበላት። ደገመችው። ሕዝቡ እንደገና ተቀበላት። ቀጠለች፤ ድምፅዋ እየሻከረ ሄደ፤ የሚቀበላትም ሰው እያነሰ መጣ። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ነበር የምትጮኸው። ሊቀመንበሩ "በቃ፣ በቃ" እስኪላት ድረስ እጇን አላወረደችም።

ወረቀቱን ሰኞ ሰጠን። ወንድሜን በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር አስተኝተን ወሰድነው፤ እዚያ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳይጠየቁ ተነሥተው እስከ አዲስ አበባ ቆመው ሄዱ። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ዘግይታችኋል አለን። እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ወንድሜ ሲነቃ ብርድ ልብሱን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ "ብስክሌቱ ምን ሆነ?" አለኝ።

"ጎማው ተጣሟል።"

"አስተካክላችሁ ሽጡት" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባቴ የተፈታው እኛ ከተመለስን በኋላ ነው። እናቴ ያደረገችውን እስር ቤት ሳለ ጠባቂዎቹ እየሳቁ ነግረውታል። ገብቶ ልጁን አየ፤ የተራቆተውን ጉማጅ አለበሰው። እጁን ታጥቦ እናቴ ያቀረበችለትን በላ። ስለ መፈክሩ ምንም አላነሣም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ "እኅታችን፣ ሕመምሽ ይገባናል" አሏት። "ሌሎቹ ግን ታስረው ተገርፈው እጃቸውን አላነሡም። ለጊዜው ከጌታ ራት ርቀሽ ብትቆዪ መልካም ነው ብለናል።"

እናቴ ቆማ ነበር። "እጄን ያነሣሁት ለልጄ ነው" አለች። "እግዚአብሔርም ልጅ አለው፤ ያውቀዋል።"

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። "እኔ እጄን ሳላነሣ ታሰርኩ፤ በነፍሴም አልጸጸትም። ልጁን ከሞት ያወጣችው ግን እሷ ናት። እሷ የምትቆይ ከሆነ እኔንም አቆዩኝ" አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወደ ቤታችን የሚመጣ ሰው አልነበረም። አባቴና እናቴ ብቻቸውን፣ በወላይትኛ፣ ጓዳ ውስጥ ሲጸልዩ እሰማ ነበር።

ወንድሜ ዱላውን ራሱ ጠርቦ ሠራ፤ ተቀምጦም አናጺነቱን ቀጠለ። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ሊቀመንበሩ ከጥበቃዎቹ ጋር ቤት ለቤት ዞረ። እኛ ደጃፍ ቆሞ የወንድሜን ጉማጅ አየና አለፈ። ከጎረቤታችን ሁለቱንም ወንዶች ልጆች ወሰዷቸው። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ሰዎች እናቴን "እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል፤ ልጅሽ በእግሩ ተረፈ" ይሏት ነበር።  እሷ ግን ዓሣ ሸጣ ስትመለስ ወደ ጎረቤታችን፣ ወደ ልጆቹ እናት፣ ጎራ ትላለች። ከሴትዮዋ ጎን ደፉ ላይ ትቀመጥና ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ይቆያሉ።