ከሰማንያ አምስት የጀመረው መስመር

ያን ሐሙስ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ኢንገሊሴ ለምን ዝም አለች? ባሏ ፕሬበን እስከ ዛሬ ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ የበራውን ሥዕል ስታይ አመሸች።

ኢንገሊሴ በማዘጋጃ ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው ቁጥርን በሥዕል የማሳየት ሥራ ነው። የመንገዱም፣ የውሃውም፣ የአረጋውያን መኖሪያውም ሪፖርት በእጇ ያልፋል። ከሦስት ቀለም በላይ አትጠቀምም። የመስመሩን ስም እዚያው ጫፉ ላይ ትጽፋለች እንጂ አንባቢውን ፍለጋ ገጹ ጥግ ድረስ አትልከውም። ሥዕሏ ሁሉ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ሰው ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት ዓይኑ ፈርዶ ይጨርሳል ትላለች። በመንደሯ በቬስተርቡ በየወሩ በጋራ ሲበላ፣ ከየጠረጴዛው ስንት የተፈጨ ሥጋ ጥብስ እንዳለቀ እንኳ ስላ በሩ ላይ ትለጥፋለች፤ ልጆቹ የማን ጠረጴዛ እንዳሸነፈ ለማየት ይጋፋሉ። የእሷን ሥዕል የሚጠራጠር ሰው በመንደሩ አልነበረም።

አስገር ተማሪዋ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲቀጠር ጥላ፣ ደማቅ ቀይና ግዙፍ ፊደል የሚወድ ወጣት ነበር፤ ቀስ በቀስ የገራችው እሷ ናት። በኢንገሊሴና በፕሬበን ልጅ ድግስ ላይ ቆሞ ንግግር አድርጓል፤ በጋ በመጣ ቁጥር የፕሬበንን ጀልባ ይዋሳል።

በቢሯቸው አንድ ልማድ አለ። ሥዕሉን የሠራው ሰው የስሙን መጀመሪያ ፊደሎች ጥጉ ላይ ያኖርና ለባልደረባው ይሰጣል፤ ባልደረባው አይቶ ያጸድቃል። «ሁለተኛ ዓይን» ይሉታል። ሁለተኛው ዓይን ካለፈበት በኋላ የሠራው ሰው ፋይሉን መልሶ አይከፍትም፤ ከከፈተ ባልደረባውን አላምንህም ማለቱ ነው። ኢንገሊሴ አስገር ያጸደቀውን አንድም ቀን ከፍታ አታውቅም።

በክረምቱ ማብቂያ የቬስተርቡ ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚል ሪፖርት ታዘዘ። የተማሪው ቁጥር በዐሥር ዓመት ውስጥ ከዘጠና አራት ወደ ሰማንያ ስድስት ወርዷል። እሷ ስትስለው መስመሩ በትንሹ ያዘነበለ ሜዳ ነበር። ፊደሎቿን አኑራ ለአስገር ሰጠችው።

ሐሙስ ማታ ለወላጆች የታየው ግን ገደል ነው። የሥዕሉ ወለል ዜሮ መሆኑ ቀርቶ ሰማንያ አምስት ላይ ተቆርጧል፤ የመጨረሻው ነጥብ መሬት ለመንካት ምንም አልቀረው። ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ባዶውን የሚቀር ይመስላል። መስመሩ ደማቅ ቀይ ነው፤ ጥጉ ላይ የእሷ ፊደሎች አሉ። ሁለት ልጆቿን እዚያ የምታስተምረው ጎረቤታቸው ዩተ ከፊት ወንበር ዞር አለች።

«በገዛ እጅሽ ቀበርሽን አይደል?» አለቻት፣ ድምጿን ሳታነሳ።

መኪና ውስጥ ፕሬበን ለምን አልተናገርሽም ብሎ ጮኸ። ኢንገሊሴ መጀመሪያ አስገርን ልጠይቀው ብቻ አለች።

በማግስቱ ጠየቀችው፤ አልካደም። የመምሪያ ኃላፊው ዓይን የሚይዝ ነገር ፈልጎ ነበር፣ ቁጥር አልነካሁም፣ ደግሞ ይህን ያህል የምትቆጪ አልመሰለኝም አላት። ሰኞ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። በተመልካች ወንበር የተቀመጠ ሰው መናገር አይፈቀድለትም፤ አስገር ግን ጥያቄ ሊመልስ ከባለሙያዎቹ ጋር ይቀመጣል። ወለሉ እንደተቆረጠ ብቻ ንገራቸው ብላ ለመነችው። እነግራቸዋለሁ አለ።

«አንቺዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ጀልባዬን የሚመልሰው ሦስት ጊዜ ስለምነው ነው» አላት ፕሬበን።

«ጀልባ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለችው። በዚያ ቅዳሜና እሁድ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አጸዳች።

ሰኞ አንዲት የምክር ቤት አባል መነጽሯን አውልቃ፣ ሥዕሉን ሳየው ደነገጥኩ፣ ለመሆኑ ትክክል ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኢንገሊሴ የፕሬበንን እጅ ያዘች። አስገር ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገ።

«ቁጥሮቹ በሙሉ ትክክል ናቸው» አለ።

ከዚያም ማይክሮፎኑን አጠፋ። ኢንገሊሴ ከወንበሯ ብድግ ስትል ሰብሳቢው በጨዋ ደንብ በእጁ እንድትቀመጥ አመለከታት። ትምህርት ቤቱ በዐሥራ አንድ ድምፅ ለስምንት እንዲዘጋ ተወሰነ። ሲወጡ ዩተ በአጠገባቸው አለፈች፤ ሰላም አላለችም። አስገር በሌላ በር ወጥቷል።

ቤት ገብተው ኢንገሊሴ ካፖርቷን አላወለቀችም። ፕሬበን ጥቁር ዳቦ ቆርጦ ዓሣ አደረገበት፤ ሳይነካ አደረ። ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር ተናገረች።

«ሥዕሉን ሲቀይር የራሱን ስም ማኖር ይችል ነበር። የኔን ግን አላጠፋም።»

ቢሮ ሲከፈት ደወለች። ፊደሎቼን ከሪፖርቱ ላይ አጥፉልኝ አለች። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት በትሕትና፣ የተወሰነበት ሰነድ አይነካም ብላ መለሰችላት። ኢንገሊሴ እሺ አለች፤ ዛሬ ሥራ እንደማትገባም ነገረቻት። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ከነካፖርቷ ጋደም አለች። ፕሬበን ጫማዋን አወለቀላት። እንቅልፍ ሲወስዳት ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።