ደህና ነው በይና ላኪው

ከሐዋሳ የወጣሁ ሌሊት ባጃጁ በር ላይ እየተንደቀደቀ እማዬ ጸሎቷን አልጨርስ አለች። እጇን ራሴ ላይ ጭና ከሞያሌ መንገድ ጀምራ፣ የናይሮቢን ብርድ ገሥጻ፣ ወደማላውቀው አሠሪዬ ስትሻገር ባለባጃጁ አንገቱን አስግጎ «አሜን! አሜን በሉ እንጂ፣ መኪናው ያመልጣታል!» አለ። እህቴ ምሕረት ሳቋ አመለጣት። እኔም እየሳቅሁ ወጣሁ፤ ማልቀስ የጀመርኩት ዲላን ካለፍን በኋላ ነው።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ናይሮቢ ሞቃት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሐምሌን ጃኬት ለብሼ ነው የምተኛው። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ደግሞ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ነው። ዓሣቸውን አላማም፤ ግን የእኛን የሐይቁን፣ በሚያቃጥል ዳጣ እየነካካን የምንበላውን፣ ማን ያምጣልኝ!

ያስመጡኝ ጋሽ ደጀኔ ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ እዚህ ሶፍትዌር የሚያስተምር ትንሽ ማሠልጠኛ አላቸው። እኔ አስተምርላቸዋለሁ፣ ጓሯቸው ባለች ክፍልም እኖራለሁ። እንደመጣሁ ስታመም ሾርባ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ውለታቸው አለብኝ። የሥራ ፈቃዴም የተሰጠኝ በእሳቸው በኩል ነው። ፈቃዱን ስቀበል የኢሚግሬሽኑን ጸሐፊ ጠየቅሁት።

«ሥራ መቀየር ብፈልግስ?»

«እሱን ከለቀቅሽ እኛንም ለቅቀሽ ትሄጃለሽ።»

«እሳቸው ቢያባርሩኝስ?»

«ያው ነው።» ማኅተሙን መታና ፈገግ አለ። «ካሪቡ ኬንያ!»

ካሪቡ ማለት እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው።

ባለፈው ወር ጋሽ ደጀኔ የኮርሳቸውን ማስተማሪያ «አድሰነዋል፣ ገምግሚው» አሉኝ። ሐዋሳ ላለ ማሠልጠኛ ሊሸጡት ነው፤ አስተማሪ ሳይኖር በቪዲዮ ብቻ እንዲሰጥ። የሐዋሳ ልጅ ገምግማዋለች ሲባል ሰው ያምናል አሉ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ምሕረት ልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ስትሰፋ ዓይኗ እየደከመ፣ «ያንቺን ሙያ ልማር» ብላ ስንቴ ለምናኛለች!

እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆኜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ወይ ጉድ! የታደሰው ሽፋኑና የቪዲዮው ሙዚቃ ብቻ ነው። ሦስተኛው ትምህርት ላይ «ጫኑ» የሚለው ፕሮግራም ከቀረ ቆይቷል፤ የአሁኑን ስትጭኑት ደግሞ የተሰጣችሁ ኮድ አይሠራም፣ ቀይ በቀይ ስሕተት ይደረድርላችኋል። የቀረው ትምህርት ሁሉ የተሠራው በእሱ ላይ ነው። አጠገቧ አስተማሪ ቢኖር ያሳልፋት ነበር፤ ብቻዋን የተቀመጠች ጀማሪ ግን «እኔ ነኝ ደደቧ» ብላ ትዘጋዋለች። ምሕረት ታየችኝ።

እራት ላይ ለጋሽ ደጀኔ ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ድንበር ላይ አይያዝም።

«ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው… ሦስተኛው ላይ ትንሽ…»

«ትንሽ ምን?»

«አይሠራም።»

«አይሠራም ነው ትንሽ?» ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ተዋውለናል እኮ። ደህና ነው በይና ላኪው።»

«እኔ እንደገና ልጻፈው ጋሼ። አንድ ወር ይስጡኝ።»

ሳቃቸው ጠፋ። «ያጎረሰሽን እጅ ልትነክሺ ነው? ፈቃድሽ የሚታደሰው በቅርቡ አይደል?»

ይህን ብለው ወጥ ጨመሩልኝ። እኔም በላሁ።

ትናንት ምሕረት ደወለች። ኢንተርኔት የሚይዘው ሳሎናቸው ውስጥ ብቻ ነው፤ ጋሽ ደጀኔ አጠገቤ ዜና ያያሉ። እኔና እሷ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲዳምኛ እየተናገርን ነው ያደግነው፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ቃል አይሰሙም። ስለዚህ ሰላምታ እንደሚለዋወጥ ሰው ፈገግ ብዬ በሲዳምኛ ነገርኳት፦ ኮርሱ አይረባም፣ እንዳትመዘገቢ፣ ፋብሪካውንም እንዳትለቂ።

እሷ ግን በአማርኛ መጣችብኝ።

«ለቀቅሁ እኮ!»

«ማን ልቀቂ አለሽ?» አልኩ፣ አሁንም በሲዳምኛ።

«አንቺ ነሻ! ባህል አዳራሽ ጋ ማስታወቂያው ተለጥፎ የለ! ‹የኮርሱ ገምጋሚ› ብሎ ስምሽ ከነአባትሽ፣ ፎቶሽ ሳይቀር። እማዬማ ሰው እየጎተተች ታሳያለች።»

እኔ እኮ ምንም አልላክሁም። ግምገማው ገና ኮምፒውተሬ ላይ እንደተከፈተ ነው።

ጋሽ ደጀኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱ። «ምን አለች?»

«ሥራዋን ለቀቀች። ኮርሱን ልትማር።»

«እሰይ! አላልኩሽም? ስምሽ እኮ ሰው ያመጣል!»

«ሃሎ?» ትላለች ምሕረት። «ሃሎ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት። «የት እሄዳለሁ።»